ኪኒን አለበት ያልኩህ ውሃ

ከእጄ ወደ እጅህ ይድረስ፣ ለአባዬ፤

እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ? እንዴት አደርክ፣ እንዴት ዋልክ፣ አሁን ይህን ስታነብስ እንዴት ነህ? ልብህስ? ባትህስ? ራስህን ማዞሩ ተወህ? እህቴስ፣ ባሏ ሹፌሩስ፣ ሚጢጢዋስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው፤ ሐሳቤ ግን አንድ ቦታ ቁጭ አላለልኝም። ተቀምጬ እጀምርና እነሳለሁ፣ ዞር ዞር ብዬ ደግሞ እመለሳለሁ። ቁንጫ ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተው ነህና አይገርምህም።

በደብዳቤ ላይ አባት አንቱ ነው የሚባለው ብለህ ያስተማርከኝን አልረሳሁም። እንዴት ነዎት ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ጨምድጄ ጣልኩት፤ ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሜ ጣልኩት። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የማናግር መሰለኝ እንጂ አንተን የማናግር አልመሰለኝም። ስለዚህ እንደለመድነው አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ካላማረህ በቀይ አስምርበትና እለፈው።

የምጽፍልህ ከሥራ ቦታዬ ነው፣ ከሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል። ወረቀቱን የአንሶላ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ቆሜ ነው የምጽፈው። ከኋላዬ ማድረቂያዎቹ ይሽከረከራሉ፤ የአንዱ እንግዳ ሳንቲም ኪሱ ውስጥ ተረስቶ ነው መሰለኝ አንደኛው ቋ ቋ ቋ እያለ ጭንቅላቴን ይበጠብጠዋል። ተቆጣጣሪዋ ብቅ ስትል በላይህ ላይ የትራስ ልብስ እጥልብሃለሁ። መስመሬ ከተንጋደደ ስለቸኮልኩ ነው፣ እጅ ጽሑፌን እንዳትነቅፍ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንተ የነገሩን አመጣጥ ካላወቅክ ፋይል አትከፍትምና ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። ባለፈው ወር ስንደዋወል፣ ሌሊት ሌሊት ባትህን ጨምድዶ እየያዘ እንደሚያስነሳህ ነገርከኝ። እግሬ ያለ እኔ ፈቃድ ሰልፍ ይወጣል አልከኝ። ሳቅኩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አልሳቅኩም። አጠገብህ ሆኖ ባትህን የሚያሽልህ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። እህቴ ከፋብሪካው ፈረቃ ስትመለስ አንተ ተኝተሃል፣ አንተ ስትነሳ እሷ ተኝታለች።

እዚህ ሆቴል ደግሞ ሰንበትበት ብለው የሚያርፉ አንዲት አሮጊት እንግዳ አሉ። አንሶላቸውን ልቀይር ስገባ ከራስጌያቸው የቶኒክ ጠርሙስ አይጠፋም። ጂን የሚጠጡ መስሎኝ በሆዴ ታዝቤያቸው ነበር። አንድ ቀን ጠርሙሱን ሳይ አዩኝና፣ ለእግሬ ነው፣ ከመተኛቴ በፊት አንድ ብርጭቆ ስጠጣ ባቴን አይዘኝም አሉኝ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ አንድ ነገር ከሰማሁ እግሬ ሥር እሳት ነው። አንሶላውን እንደያዝኩ ወደ ባሩ ወረድኩ። መጠጥ ቀጂው የአገራችን ልጅ ነው፤ ለመጣው ሁሉ መድኃኒት ስለሚያዝ «ዶክተር» ነው የምንለው። ለጉንፋን ሎሚ፣ ለድብርት በረዶ፣ ለተሰበረ ልብ ሌላ ልብ ያዛል። ብጠይቀው ብርጭቆውን እየወለወለ፣ እንዴ፣ ቶኒክ እኮ ኪኒን አለበት፣ መራራ ያደረገው ምን መስሎሽ ነው አለኝ።

ወዲያው ደወልኩልህ። ያን ቀን የመተኮሻው እንፋሎት ይጮሃል፤ ያንተ ጆሮ ደግሞ በስልክ ሲሆን የሚሰማውን የሚመርጠው ራሱ ነው። አባዬ ቶኒክ ጠጣ ብዬ ጮህኩ። ምን ልጠጣ አልክ። ቶኒክ አልኩ። ለምን አልክ። ኪኒን አለበት አልኩ። ኪኒን አለበት? ብለህ ደገምክልኝ። አዎ፣ ኪኒን አለበት አልኩ። ገባኝ፣ በሚገባ ገባኝ አልክ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ምን ነካት ብለው ዞረው አዩኝ፤ አንድ ትልቅ ሥራ እንደጨረሰ ሰው ላቤን ጠርጌ ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ። ምን እንደገባህ ግን አልጠየቅኩህም።

ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ የሚያስቅ ወሬ ብቻ ነበር። ባለ ሱቁ ምሽት ምሽት ቶኒክ ስትወስድ አይቶ፣ ጋሼ በስተርጅና ጂን ጀመሩ ብሎ ሰፈሩን አዳረሰው አሉ፤ ጂኑን ከየት እንደምታመጣው ግን እሱም ግራ ገብቶታል። ፀጉር አስተካካዩ ላንተ ጥብቅና ቆሜያለሁ ብሎ፣ ኧረ እሳቸው ቶኒኩን ብቻውን ነው የሚጠጡት ቢል፣ ብቻውን የሚጠጣማ የለየለት ነው ተብሎ ጭራሽ ባሰ። እህቴ ይህን ስትነግረኝ አንሶላው ላይ ተደፍቼ ነው የሳቅኩት። እግሩም ቀለል ብሎታል አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰው አገር ተቀምጬ ለአባቴ አንድ ቁም ነገር ሠራሁ ብዬ ኮራሁ። ወርጄ ዶክተርንም አመሰገንኩት፤ እሱማ ከዚያ በኋላ ጭራሽ የሚቻል አልሆነም።

ማክሰኞ ዕለት እህቴ ደወለች። ገና «ስሚ» ስትል የያዝኩትን አንሶላ ጣልኩት። ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ላይ ራስህን አዙሮህ እንደተቀመጥክ፣ ከዚያ መነሳት እንዳቃተህ፣ እሱም ግማሽ ራሱን የተላጨ ደንበኛውን ወንበር ላይ ጥሎ ደግፎህ ቤት እንዳስገባህ ነገረችኝ። ግፊትህ ሲለካ ጣራ ነክቷል፣ ልብህም ሥርዓቱን አጥቷል። ግራ ቢገባት መሳቢያህን ከፈተች። የልብህም፣ የግፊትህም ኪኒን እንደታሸገ ቁጭ ብሏል። ምነው አባዬ፣ ለምን ተውከው ብትልህ፣ አንተ ተረጋግተህ፣ እንዲያውም ቆጣ ብለህ፣ ማን ተወው፣ በውሃው ውስጥ እየወሰድኩት ነው፣ ቶኒኩ ኪኒን አለበት፣ ቁንጫ ነግራኛለች፣ በላዩ ላይ ይህን ብጨምርበት እጥፍ ሆኖ ይጎዳኛል አልካት።

አባዬ! ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዲህ ያደረገህ እኮ ቸልተኝነት አይደለም፣ ጥንቃቄህ ነው! ሌላ ሰው ቢሆን ሁለቱንም አከታትሎ ጭልጥ ያደርግ ነበር። አንተ ግን አሰብክ፣ አመዛዘንክ፣ እጥፍ እንዳይሆንብህ ሰጋህ። ያ ሁሉ ማመዛዘን የቆመው ግን እኔ በጩኸት በላክሁልህ በአንድ ቃል ላይ ነው። ቃሉ ደግሞ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

በምሳ ሰዓቴ ሽርጤን ሳላወልቅ ማዶ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። ባለሙያዋን ኪኒን ያለበት ውሃ ኪኒንን ይተካል ወይ ብላት አፍጥጣ አየችኝ። ኪኒን ያልኩት በእሷ ቋንቋ የአንድ መድኃኒት ስም ነው፤ ኩዊኒን ትለዋለች፣ የድሮው የወባ መድኃኒት። ለእኛ ግን የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ ኪኒን ነው። ለራስ ምታት ኪኒን፣ ለሆድ ቁርጠት ኪኒን፣ ለጥርስ ኪኒን። ነፍሷን ይማርና እማዬ ብል እንዳይበላባት ልብስ ሳጥን ውስጥ የምትከተውን ነጭ ድቡልቡል ነገር እንኳ የልብስ ኪኒን ትለው አልነበር? ዶክተር ኪኒን ሲል የወባውን ማለቱ ነው። እኔ ምንም ማለቴ አልነበረም፣ የሰማሁትን ነው ያስተጋባሁት። አንተ ግን ስትሰማ የሰማኸው የራስህን ኪኒን ነው፣ መሳቢያህ ውስጥ ያለውን። ልትሰማ የምትችለው ሌላ ምን ነበር? እዚያ ቤት ኪኒን የተባለ ሌላ ነገር የለም።

እንግዲህ የነገረችኝን ልንገርህ፤ ደግሜ አስደግሜያታለሁ። ቶኒክ ውስጥ ያለው ለመራራነቱ ያህል ጠብ የተደረገ ኩዊኒን ነው። ግፊት አያወርድም፣ ልብ አያስተካክልም፣ ያንተን ኪኒን በምንም መንገድ አይተካም። ለባትም ቢሆን ሐኪሞች አያዙትም አለችኝ። ራሱ ኩዊኒን በእንክብል ሲወሰድ ጆሮ ያስጮሃል፣ ደም ያውካል፣ ልብም ያዛባል፤ ስለዚህ ልቡን የሚታከም ሰው በውሃም መጣ በሌላ፣ ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳይነካው አለች። ስኳሩም ሌላ ጣጣ ነው። ታዲያ እግሩ እንዴት ተሻለው ብዬ ተከራከርኳት። እንዲህ ያለው ሕመም በራሱ ይመጣል፣ በራሱ ይሄዳል ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች። ከመተኛትህ በፊት ግድግዳ ተደግፈህ ባትህን ሳብ ሳብ አድርገው፤ ሲይዝህም የእግርህን ጣቶች ወደ ራስህ ጎትት።

ይህን ሁሉ እህቴ በቃሏ ነግራሃለች፤ ሐኪምህም በስልክ፣ ዛሬውኑ ይጀምር፣ ሰኞ ደግሞ ይዘሽው ነይ ብሏታል። አንተ ግን መነጽርህን አስተካክለህ፣ ያዘዘችኝ ቁንጫ ናት፣ የሚሻር ከሆነም ራሷ በጽሑፍ ትሻረው አልክ። አይ አባዬ! ዕድሜህን ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጠህ ወረቀት ስትቀበልና ስታስተላልፍ ኖረህ፣ ጡረታ የወጣኸው ከመዝገብ ቤቱ ነው እንጂ ከወረቀቱ አይደለም። ቆይ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቶኒክ ጠጣ የሚለው በጽሑፍ ነበር የመጣልህ? ፊርማ ነበረው? ማህተም ነበረው? በእንፋሎት መሀል ተጩሆ የመጣውን አሜን ብለህ ተቀብለህ፣ የሚሽረው ሲመጣ ወረቀት ትጠይቃለህ? ከተናደድኩ ቆይቻለሁና ተሸከመኝ።

እዚህ ላይ ተቆጣጣሪዋ መጥታ ነበር። የትራስ ልብስ ጣል አደረግኩብህና የማታልቅ አንሶላ ሳጣጥፍ ቆየሁ። ይቅርታ።

ወረቀቱን እንደጨረስኩ ፎቶ አንስቼ ወዲያው በእህቴ ስልክ እልከዋለሁ፤ አጉልታ ታሳይሃለች። እሱን እንደ ቅጂ ቁጠረው። ዋናውን የዶክተር ሚስት እሁድ ወደ አገር ቤት ስትመጣ ይዛልህ ትመጣለች። ዋናው ካልደረሰኝ አልፈጽምም ብትል ግን፣ እውነቴን ነው፣ እዚህ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ የሰው ፊት ሳላይ።

ይኸውልህ በጽሑፍ፦ ቶኒክ ጠጣ ያልኩህ ተሽሯል። ኪኒንህ ማለት መሳቢያህ ውስጥ ያለው፣ ሐኪሙ ያዘዘልህ ነው፤ ሌላ ኪኒን የለህም። አሁን ይህን አስቀምጥና ተነስ። በቀስታ ተነስ፣ እንዳያዞርህ። እህቴ ውሃ ታቀብልህ፣ ተራ ውሃ፣ የሚንጨረጨር አይደለም። ሐኪሙ እንዳለው ውሰድና ተመለስ፤ እኔ የትም አልሄድም።

ዋጥክ? እህቴ አይታለች? ምላስህ ሥር አልደበቅክም? እሺ፣ እንቀጥል።

ከማክሰኞ ወዲህ ሰውነቴ የእኔ አይደለም። አንድ አንሶላ አቃጥያለሁ፤ የአንዱን ክፍል ፎጣ ለሌላው ሰጥቼ እንግዳው በሽርጥ መጠን ፎጣ ተጠቅልሎ ኮሪደር ላይ ሲጮህ ነበር። ስልኬ ሳይጠራ የጠራ እየመሰለኝ ከኪሴ አወጣዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ፣ ገና ሳልመልሰው ደግሞ አወጣዋለሁ። ደረጃውን ያለ ምክንያት ወጥቼ ለምን እንደወጣሁ ሳላውቅ እወርዳለሁ። ዶክተርን ወርጄ አፋጠጥኩት። ምስኪን፣ ደነገጠ። ኪኒን አለበት አልኩሽ እንጂ ኪኒናቸውን ይተዉ መች አልኩሽ አለኝ፤ እውነቱን ነው። ያን ቀን ለማንም ምንም ሳያዝ ዋለ፤ ሚስቱ እሁድ ስትመጣ አንተ ቤት ቀድማ እንድትገባ ያዘዛትም እሱ ራሱ ነው።

ተቆጣጣሪዋን ፈቃድም ጠይቄያለሁ። እንግዳ የሚበዛበት ወቅት ካላለፈ አይሆንም አለችኝ። አባቴ ታሟል ብላት፣ የሁላችንም አባት ታሟል አለች፤ ክፋቷ አይደለም፣ የእሷም አባት አልጋ ላይ ናቸው አሉ። ወቅቱ ሲያልፍ የመጀመሪያዋ ወጪ እኔ እንድሆን ግን ስሜን አስያዝኩ። እስከዚያ እዚህ ወዲያ ወዲህ ስል፣ አንተ እዚያ ኪኒንህን ሌላ አንድ ቀን ብትዘልልብኝ ምን እሆናለሁ? ይህን ነው የምፈራው። ጎበዝ ነኝ ብዬ አልዋሽህም፣ ፈርቻለሁ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ልተወው ብዬ ነበር፣ ግን አላስቀምጥ አለኝ። እህቴ ስትነግረኝ፣ የሐኪሙን ኪኒን ድሮም ቢሆን ካላስታወሱህ ትዘለዋለህ አሉ፤ አንዳንዴም ወስጃለሁ ብለህ ትሸውዳታለህ። ቶኒኩን ግን ዝናብ ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን፣ አንድም ምሽት አላስታጎልክም። ለምን ብትልህ፣ ልጄ ናት ያለችኝ አልክ። ከመውደቅህ በላይ አንጀቴን የበላው ይህ ነው። ቃሌ አንተ ዘንድ ይህን ያህል እንደሚከብድ መች አውቄ! ስንደዋወል ይሰማሃል፣ አይሰማኝም፣ አሁንስ፣ አሁን ትንሽ፣ እየተባባልን ነው የምንዘጋው። ባውቅማ ያን ሁሉ ጩኸት በጠርሙስ ውሃ ላይ አላባክነውም ነበር። ናፍቀኸኛል ብዬ ነበር የምጮኸው። መተኮሻው ቢያንቋርር፣ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ቢያዩኝ፣ እስኪሰማህ ድረስ እሱን ነበር የምደጋግመው።

ለእህቴ ስንት ጊዜ እንደምስማት ንገራት፤ ለአንተ ስለምትደክም ጉልበትሽን ስሜያለሁ ብላለች በልልኝ፣ የመሳቢያውንም ቁልፍ እሷ ትያዘው። ለሹፌሩ ሰላም በልልኝ፤ ሰኞ ወደ ሐኪሙ ሲያደርስህ ጉድጓድ መርጦ እንዳይነዳ። ሚጢጢዋን ጉንጯን ንከስልኝ፤ እንደ አክስቷ አንድ ቦታ የማትቀመጥ ሆናለች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ተዉአት፣ አትቆጧት። ፀጉር አስተካካዩን እጅ ነስቼዋለሁ፤ ያ ግማሽ ራሱ ቀርቶ የነበረው ደንበኛውም ይቅር ይበለን። ባለ ሱቁን ጋሼ ጂኑን ተዉ በለውና ይረፍ። ጤናችሁን ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም በያላችሁበት።

አባዬ፣ ሌላው ቀርቶ ከዚህ ሁሉ ወረቀት አንድ መስመር ብቻ የምትፈጽምልኝ ከሆነ ይህችን ፈጽምልኝ። ልጄ ናት ያለችኝ በልና ስማኝ። እስክመጣ ቆየኝ።

ልጅህ

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በጥቅምት ማለቂያ